ፒሲኦኤስ እያለብሽ ለማርገዝ ስትሞክሪ፦ ከየት ትጀምሪያለሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ?

«ፒሲኦኤስ አለብሽ ተባልኩ። መውለድ አልችልም ማለት ነው?» ይሄ ጥያቄ በተለያየ ቃል ሁልጊዜ ይመጣልኛል። አንዷ ትናንት ተነግሯት ነው የምትጠይቀኝ፣ ሌላዋ ዓመታት ከጠበቀች በኋላ። ለእያንዳንዷ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

ፒሲኦኤስ በሆርሞን መዛባት ምክንያት ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው የሴት አካል) እንቁላልን በጊዜው አብስሎ እንዳይለቅ የሚያደርግ ችግር ነው። አጭሩ መልስ፦ ትችያለሽ። ፒሲኦኤስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ይወልዳሉ። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ሕክምና፣ ብዙዎቹ ደግሞ በቀላል መድኃኒት።

ከመጀመርሽ በፊት ይሄን ያዢ። ፒሲኦኤስ ማለት እንቁላል የለሽም ማለት አይደለም። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትንንሽ ክብ ነገሮች ውስጣቸው እንቁላል አለ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ማደግ ያቆሙ ናቸው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ በስሎ አለመውጣቱ ነው፤ ወይም ይወጣል፣ ግን መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ስለዚህ ያለብሽ ሥራ ሁለት ነው። እንቁላል የምትለቂበትን ቀን ማወቅ፤ የማትለቂ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ሳታባክኚ በሕክምና እንድትለቂ ማድረግ።

የሚያስፈልግሽ

- ደብተር ወይም የስልክ አፕ። ደብተሩ ይሻላል፤ አፕ ብዙ ጊዜ ቀኑን በግምት ይሞላልሻል።
- ፎሊክ አሲድ፣ 400 ማይክሮግራም።
- የኦቭሌሽን (የእንቁላል መለቀቅ) መመርመሪያ ስትሪፕ። ዑደትሽ ረጅም ከሆነ ብዙ ያስፈልግሻል።
- ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ዲጂታል ቴርሞሜትር።
- የእርግዝና መመርመሪያ።
- የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ሁሉ ዝርዝር፣ ለብጉርና ለፀጉር የምትወስጃቸውም ሳይቀሩ።
- እስካሁን የተሰጡሽ የምርመራ ውጤቶች።
- ባለቤትሽ። ምርመራው የሁለታችሁም ነው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ፒሲኦኤስ መሆኑን አረጋግጪ

በአልትራሳውንድ ብቻ «አለብሽ» ተብለሽ ከሆነ አልተጠናቀቀም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮተርዳም ላይ በተደረሰበትና ዛሬም በሚሠራበት መስፈርት መሠረት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ መሟላት አለባቸው፦ የተዛባ ወይም የሚጠፋ የወር አበባ፤ የወንዴ ሆርሞን መብዛት (በደም ምርመራ፣ ወይም በፊትና በሰውነት ላይ በሚበዛ ፀጉር)፤ በአልትራሳውንድ ብዙ ትንንሽ ክብ ነገሮች የሚታዩበት የኦቫሪ መልክ። ኦቫሪያቸው እንደዚያ የሚታይ፣ ግን ምንም ችግር የሌለባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው።

ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ችግሮችም መጣራት አለባቸው። የታይሮይድ ሆርሞን (ቲኤስኤች)፣ ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) እና 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን (የአድሬናል እጢ ችግርን የሚያሳይ ሆርሞን) መታየታቸውን ጠይቂ። ለምን ይጠቅማል? የታይሮይድ ወይም የፕሮላክቲን ችግር ራሱን የቻለ መድኃኒት አለው። እሱ ሳይታከም የኦቭሌሽን ክኒን ብትውጪ ድካሙ ለከንቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ሰውነትሽን ቀድመሽ አዘጋጂ

ፎሊክ አሲዱን ዛሬ ጀምሪ። ቢያንስ ከማርገዝሽ አንድ ወር በፊት፣ ቢቻል ሦስት ወር። ፎሊክ አሲድ በትክክል እንዲዘጋ የሚያግዘው፣ የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳን የማያውቁበት ጊዜ። የወር አበባሽ የሚዘገይ ከሆነማ አንቺ ከሌላው ሰው የበለጠ ዘግይተሽ ነው የምታውቂው። የስኳር በሽታ ካለብሽ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት የአከርካሪ ችግር ያለበት ልጅ ከነበረሽ መጠኑ ከፍ ስለሚል ሐኪምሽ ይወስንልሽ።

ቀጥሎ የመድኃኒት ዝርዝርሽን ለሐኪም አሳዪ። ለፀጉር የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን፣ ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ለፅንስ አይሆኑም፤ ሙከራ ከመጀመርሽ በፊት መቆም ወይም መቀየር አለባቸው። አይሶትሬቲኖይን ካቆምሽ በኋላም ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ አለብሽ።

ስኳርሽንም ተመርመሪ። የጾም ስኳር ብቻውን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ምርመራ የተሻለ ያሳያል። ምክንያቱ፦ ፒሲኦኤስ ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፣ ያልታከመ ስኳር ደግሞ የውርጃን አደጋ ይጨምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ፅንሱን ይጎዳል። የደም ግፊትሽንም በዚያው ተለኪ።

ደረጃ 3፦ ባለቤትሽ አሁን ይመርመር

«መጀመሪያ የኔ ይስተካከል» አትበዪ። አንቺ ለወራት መድኃኒት ወስደሽ እንቁላል እየለቀቅሽ፣ ችግሩ በሌላ በኩል ሆኖ ሲገኝ በጣም ያሳዝናል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ብቻ። ውጤቱ ካላማረ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድ፣ ሲጋራ ቢያቆም ወይም ሕክምና ቢጀምር ለውጡ የሚታየው ወደ ሦስት ወር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ መታየት ያለበት።

ደረጃ 4፦ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ ክብደት

በብዙ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን (የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን) በደንብ ስለማይታዘዝ ኢንሱሊኑ ይበዛል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪን የወንዴ ሆርሞን አብዝታ እንድታመርት ይገፋፋታል፤ ያ ሆርሞን ደግሞ እንቁላሉ እንዳይበስል ያደርገዋል። ሰንሰለቱን ካየሽው ምግብና እንቅስቃሴ ለምን እንደሚነሳ ይገባሻል።

ከመጠን ያለፈ ክብደት ካለሽ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን የወር አበባን ሊመልስ ይችላል። 80 ኪሎ ከሆንሽ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው፤ ቀጭን ሁኚ ያለሽ የለም። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ቀንሺ። ካልተፈተገ እህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፕሮቲን አብዢ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ አድርጊ። ክብደትሽ ባይቀንስ እንኳን እንቅስቃሴው ሰውነትሽ ኢንሱሊንን እንዲቀበል ያግዘዋል።

ቀጭን ነሽ? እንግዲያው ክብደት መቀነስ አንቺን አይመለከትም፣ ጭራሽ ሊጎዳሽ ይችላል። ወደ ደረጃ 5 እለፊ።

ደረጃ 5፦ ዑደትሽን በሦስት ምልክት ተከታተዪ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ደም በደንብ የፈሰሰበትን ቀን «ቀን 1» ብለሽ ጻፊ። ጠብታ የታየበትን አትቁጠሪ።

ሀ) ስትሪፕ። ስትሪፑ የሚለካው ኤልኤች የሚባለውን፣ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያዝዘውን ሆርሞን ነው። ከአጭሩ ዑደትሽ ላይ 17 ቀንሺና ከዚያ ቀን ጀምሪ፤ አጭሩ 32 ቀን ከሆነ ከቀን 15። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አድርጊው፣ ከዚያ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ብዙ ውኃ አትጠጪ፣ ሽንቱ ይቀጥንና ውጤቱን ያጠፋዋል። አነባበቡ ከእርግዝና መመርመሪያ ይለያል። እርግዝና ላይ ስስ መስመርም መስመር ነው፤ እዚህ ግን የሙከራው መስመር ከማነጻጸሪያው እኩል ወይም የበለጠ ካልደመቀ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ውስጥ ይለቀቃል።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ በፒሲኦኤስ ኤልኤች ራሱ ከፍ ብሎ ሊኖር ይችላል፤ ወይም ሰውነት ሞክሮ ሳይሳካለት ይቀርና በሌላ ቀን እንደገና ይሞክራል። ስለዚህ ስትሪፕ ብቻውን አያስተማምንም።

ለ) ሙቀት። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ፣ ሳትጠጪ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኪ። እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሙቀትሽን ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሦስት ቀን በተከታታይ ከፍ ብሎ ከቆየ ለቀሻል ማለት ነው። ሙቀት ያለፈውን ነው የሚነግርሽ፤ ግን ስትሪፑ እውነት መናገሩን የሚያረጋግጥልሽ እሱ ነው።

ሐ) ፈሳሽ። እንቁላል ሊለቀቅ ሲቃረብ የማህፀን ፈሳሽ ይበዛል፣ ጥርት ይላል፣ በሁለት ጣት መካከል እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ይለጠጣል።

አንድ ምሳሌ እንይ። 43 ቀን የፈጀ ዑደት ነው። ቀን 17 ስትሪፑ ፖዘቲቭ ሆነ። ሙቀቱ ግን 36.3፣ 36.4፣ 36.3 እያለ ቀጠለ። አልጨመረም፤ እንቁላል አልወጣም። ቀን 20 መስመሩ ተመልሶ ሳሳ። ቀን 28 እንደገና ፖዘቲቭ፣ ፈሳሹም ተለጠጠ። ቀን 30 ሙቀቱ 36.6፣ ቀን 31 36.7፣ ቀን 32 36.7። እንቁላሉ የተለቀቀው ቀን 29 አካባቢ ነው፤ የወር አበባው ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ መጣ። ቀን 17 ላይ «በቃ አለፈ» ብላ ያቆመች ሴት ትክክለኛውን ቀን ሙሉ በሙሉ ታጣዋለች።

ደረጃ 6፦ ግንኙነቱን በጊዜው አድርጉ

የወንድ ዘር ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላል ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው የምትቆየው። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ መጠበቅ አለበት። ቀኑ በማይታወቅ ዑደት ውስጥ የሚያዋጣው ከወር አበባ በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ መገናኘት፣ ስትሪፑ ፖዘቲቭ ሲሆን ደግሞ በዚያው ቀንና በማግስቱ መጨመር ነው። ዘሩ «እንዲጠራቀም» ብሎ ሳምንት መቆጠብ አይጠቅምም። ማለስለሻ ቅባት ካስፈለጋችሁ ለፀነሳ የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን ፈልጊ፤ ብዙዎቹ ቅባቶች ምራቅም ጭምር የዘሩን እንቅስቃሴ ያዳክማሉ።

ደረጃ 7፦ መለቀቁን በደም አረጋግጪ

የፕሮጄስትሮን ምርመራ «በቀን 21» ይታዘዛል። ያ የሚሠራው 28 ቀን ዑደት ላላት ሴት ነው። ትክክለኛው ጊዜ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ 7ኛው ቀን ገደማ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ቀን 36 መሆኑ ነው። በቀን 21 ብትመረመር ዝቅ ብሎ ይታይና «አትለቂም» ትባል ነበር። ውጤቱ ከ3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እንቁላል ተለቋል። መዝገብሽን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ ቀኑን አንቺ ንገሪው።

ደረጃ 8፦ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ዓመት አትጠብቂ

«ከ35 በታች ከሆንሽ አንድ ዓመት፣ ከ35 በላይ ከሆንሽ ስድስት ወር ሞክሪ» የሚለው ምክር ዑደታቸው ለተስተካከለ ሴቶች ነው። አንቺ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ የወር አበባ ካየሽ፣ እንቁላልም የምትለቂው ቢበዛ ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ዑደትሽ ከ35 ቀን በላይ የሚረዝም ከሆነ ወይም ለወራት ከጠፋ አሁኑኑ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሁለት ሦስት ወር መዝገብ ካለሽ ውሰጂ፤ ከሌለሽ መዝገብ እስኪሞላ ብለሽ አትቆዪ።

ደረጃ 9፦ እንቁላል የሚያስለቅቀው መድኃኒት

ዛሬ በመጀመሪያ የሚመረጠው ሌትሮዞል ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከቀን 3 ገደማ ጀምሮ በቀን 2.5 ሚሊግራም ለ5 ቀን ያዝዛል፤ ካልሠራ በሚቀጥለው ዑደት 5፣ ከዚያ 7.5። የሚሠራው ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ለጥቂት ቀን ዝቅ በማድረግ ነው፤ አንጎል ያንን ሲያይ ኦቫሪን የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ «ለጡት ካንሰር» የሚል ስታነቢ አትደንግጪ። መድኃኒቱ ለዚያም ይሰጣል፤ አንቺ የተሳሳተ ነገር አልተሰጠሽም። ድካም፣ ራስ ምታትና ትኩሳት ትኩሳት ማለት ሊኖር ይችላል።

ከሱ በፊት ይሰጥ የነበረው ክሎሚፊን ነው፤ አሁንም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ፒሲኦኤስ ያለባቸው 750 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት ላይ እስከ አምስት ዑደት ድረስ ታክመው ልጅ የወለዱት በሌትሮዞል 27.5 በመቶ፣ በክሎሚፊን 19.1 በመቶ ነበሩ። ክሎሚፊን ስትወስጂ ዓይንሽ ቢደበዝዝ ወይም ብልጭታ ብታዪ አቁሚና ለሐኪምሽ ንገሪ።

በተለይ በመጀመሪያው ዑደት አልትራሳውንድ መታየቱ ጥሩ ነው። ስንት እንቁላል እያደገ እንደሆነ ይታያል። ሦስት አራት ከሆኑ መንታና ከዚያ በላይ የመፀነስ አደጋ ስለሚኖር ሐኪሙ ሙከራውን ለዚያ ወር እንድትተዪው ሊነግርሽ ይችላል።

ሜትፎርሚን ኢንሱሊኑን ያስተካክላል፤ ብቻውንም ሆነ ከሌሎቹ ጋር ሊታዘዝ ይችላል። ሆድ ስለሚያሸብር በትንሽ መጠን ጀምረሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው። የኩላሊት ችግር ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ክኒኑ ካልሠራ የሆርሞን መርፌ ወይም በትንሽ ቀዳዳ የሚደረግ የኦቫሪ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ከዚያ ደግሞ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ እንዲገናኙ የሚደረግበት ሕክምና)። ወደ መርፌው ወይም ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመሄድሽ በፊት የማህፀን ቱቦዎችሽ ክፍት መሆናቸው በኤክስሬይ (ኤችኤስጂ) መታየት አለበት። ቱቦው ከተዘጋ ክኒኑም መርፌውም አይረዳሽም።

ደረጃ 10፦ ሁለት መስመር ሲታይ

ፎሊክ አሲዱን እስከ 12ኛው ሳምንት ቀጥዪ። ሜትፎርሚን ላይ ከነበርሽ በራስሽ አታቁሚ፣ ጠይቂ። ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው አልትራሳውንድ ታዪ። ዑደትሽ ስለተዛባ የእርግዝናሽን ዕድሜ በወር አበባ መቁጠር አይቻልም። ስኳርሽ በመጀመሪያ ክትትልሽ፣ እንደገና ደግሞ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ይለካ፤ የእርግዝና ስኳርና የደም ግፊት በፒሲኦኤስ ይበዛሉ።

ማስጠንቀቂያ

- የወር አበባሽ ከ90 ቀን በላይ ከጠፋ ዝም አትበዪ። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የማህፀን ሽፋን ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ ሲወፍር ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።
- የጓደኛሽን ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፊን አትውሰጂ። እርጉዝ ሆነሽ ሳታውቂ ብትወስጂው ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።
- በተለይ መርፌ ወይም አይቪኤፍ ላይ ሆነሽ ሆድሽ በፍጥነት ቢነፋ፣ ክብደትሽ በአንድ ሁለት ቀን ቢጨምር፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ወይም ሽንትሽ ቢቀንስ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።
- እርግዝና ታይቶ በአንድ ጎን ከባድ የሆድ ሕመም፣ ደም ወይም ራስ መሳት ካለ ድንገተኛ ክፍል። ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ ሊሆን ይችላል።
- «ማህፀን ያጸዳል፣ ፒሲኦኤስን ይነቅላል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትና ቅጠል ተዪው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግርሽ የለም፣ ከመድኃኒትሽ ጋር የሚያደርገውንም አታውቂም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ቀን 14ን መጠበቅ። ባለ 40 ቀን ዑደት ላይ እንቁላል የሚለቀቀው ወደ ቀን 26 ገደማ ነው።
- «ደም አይቻለሁ፣ ስለዚህ ለቅቄያለሁ» ማለት። እንቁላል ሳይለቀቅም ደም ይመጣል። ለዚህ ነው ሙቀቱና የደም ምርመራው።
- «የወር አበባዬ ስለማይመጣ አላረግዝም» ማለት። እንቁላል የሚለቀቀው ከወር አበባ በፊት ነው። ወራት ጠፍቶብሽ ሳለ ሳታስቢው ልታረግዢ ትችያለሽ።
- የእንቁላል ማስለቀቂያ መርፌ (ኤችሲጂ) ተወግቶ በሳምንቱ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ። መመርመሪያው የሚያየው የመርፌውን ሆርሞን ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቂ።
- ምግብ ጨርሶ መተው። ሰውነት ሲራብ እንቁላል መልቀቅ ያቆማል፤ ያስቸገረሽን ነገር ራስሽ ታባብሺዋለሽ።
- በመጀመሪያው ወር ተስፋ ቆርጦ መድኃኒት መተው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዪ። መድኃኒቱን ወስደሽ እንቁላል ካልለቀቅሽ በዚያው መጠን መቀጠል ትርጉም የለውም፤ ሐኪምሽ መጠኑን እንዲያይልሽ ጠይቂ። እንቁላል ለቀሽ ግን ካላረገዝሽ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ምንም ችግር የሌለባቸው ጥንዶችም በአንድ ወር የመፀነስ ዕድላቸው ከአራት አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ እንቁላል የተለቀቀባቸው እስከ ስድስት የሚደርሱ ዑደቶች ሳይሞሉ መድኃኒቱን «አልሠራም» አትበዪው።